ኪራይ ያልተከፈለባት ጳጉሜን

ደብረ ብርሃን፣ ከገቢዎች ቢሮ ፊት ለፊት ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አመተ ማርያም የግብር ቅጽ መሙላት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ የአንኮበር መሪጌታ ናቸው፤ በጣት አንጓ ቀን መቁጠርን ከእሳቸው ተማረች። ሕግ ማስረዳት ደግሞ እንደ ሠርግ ያስደስታታል። ፎርም ሊያስሞላ የመጣ ሰው ወደደም ጠላም አዋጅ ተምሮ ይወጣል።

የካቲት አሥራ ሰባት ጠዋት ኪፕሮኖ ገባ። ኬንያዊ ነው፤ ማንም ሳይቀጥረው በራሱ እየተዋዋለ የብርድ ልብስ መሥሪያ ማሽን ይጠግናል።

«እትዬ አመተ፣ በዓመት ከመቶ ሰማንያ ሦስት ቀን በላይ ከቆየሁ አገሬ ያለው የሻይ እርሻዬ ገቢም እዚህ ለግብር ይታያል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው!» አለች፣ ዓይኗ በርቶ። «እዚህ ለሠራኸውማ አንድ ቀንም ብትሠራ ግብሩ አይቀርልህም። ከመቶ ሰማንያ ሦስት ካለፍክ ግን ነዋሪ ትባላለህ፤ ያኔ ከየትም ያገኘኸውን ታሳውቃለህ።»

«እንግዲያው ተርፌያለሁ። በቤት ኪራዬ ስቆጥር መቶ ሰባ ሰባተኛ ቀኔ ነው። የቀረኝ አንድ ማሽን ነው፤ ስድስት ቀን ይበቃዋል።»

አመተ ማርያም የገብስ ቆሎዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ለቀን አንድ እየደረደረች፣ ከገባበት ከነሐሴ ሃያ አንድ ጀምሮ አሥር ፍሬ፤ ከመስከረም እስከ ጥር ሠላሳ ሠላሳ፤ ለየካቲት አሥራ ሰባት። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ጳጉሜንስ?»

«አከራዬ ወይዘሮ አስናቀች ጳጉሜን አትቆጠርም ብለው አላስከፈሉኝም።»

«ኧረ አንተ ሰው! እሳቸው ኪራዩን ቢምሩህ ፀሐይዋ አልወጣችም?» አምስት ፍሬ ጨመረች። «መቶ ሰማንያ ሁለት! ነገ ሞላ!»

ኪፕሮኖ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ማሽኑን ፈታትቶ ትቶ ሊሄድ ነው? ከድንጋጤው የተነሳ እጁ ቆሎውን እየለቀመ ወደ አፉ ይልክ ጀመር።

«እጅህን! ጥቅምትን እየበላህብኝ ነው!»

ሳቋ ሳያባራ ፓስፖርቱን ነጥቃ ገለጠች። አንድ ማኅተም ላይ ስትደርስ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ታኅሣሥ የት ነበርክ?»

«ለገና አገሬ ሄጄ ነበር።»

«እና ዝም ትላለህ?» አንጓዋን እየነካካች የፈረንጁን ቀን ወደ እኛው መለሰችው። «አሥራ አራት ወጣህ፣ ሃያ ሁለት ተመለስክ። መሃሉ ሰባት ቀን ሙሉ ነው! ሕጉ አከታትለህም ሆነ አቆራርጠህ እዚህ የነበርክበትን ብቻ ነው የሚቆጥረው!»

«ስለዚህ...»

«መቶ ሰባ አምስት! ስምንት ቀን አለህ፤ ለማሽኑ ስድስት፣ ሁለቱ ትርፍ!»

ኪፕሮኖ ዘሎ ሲነሣ ወንበሩ ተገለበጠ። አመተ ማርያም ከረድፉ ሰባት ፍሬ ለይታ መዳፉ ላይ አደረገችለት።

«እነዚህን ብላ። የተፈቀዱልህ እነሱ ብቻ ናቸው።»

ሰባቱንም አንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ከቶ፣ እያመነዠከ ወደ ማሽኑ ሮጠ።