ያልታጠበው ሠርግ

ሪሐና ዜናውን የሰማችው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ፎቶ ቤት፣ የአንዲት ተመራቂ ፎቶ እያተመች ሳለ ነው። የደወለችው የጋሽ ዳኜ ልጅ ሶሬቲ ነበረች።

“አባዬ ንጋት ላይ አረፈ” አለች። “ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለድንኳኑ ፎቶ ፈልጊልን። ቤት ያለው የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እማዬ ደግሞ ‘ተከሶ የቀረበ መሰለ’ ብላ አልወደደችውም።”

ሪሐና ማተሚያውን አጥፍታ ተቀመጠች። ጋሽ ዳኜ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ሥራውንም ያስተማሯት ሰው ናቸው። ከነፋስ ስልክ እስከ ለቡ ያላነሱት ሙሽራ የለም፤ እሳቸውን ግን ማን አንስቷቸው?

ስምንት ዓመት አብረው ሲሠሩ የተከራከሩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሪሐና በጄፔግ ታነሳለች፤ ካሜራው ራሱ አሳምሮና ጨምቆ ስለሚያስቀምጠው ወዲያው ለደንበኛ ይሰጣል። ጋሽ ዳኜ ግን ከሮው ንቅንቅ አይሉም። ሮው ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይነካ የሚይዝ ጥሬ ፋይል ነው፤ ካርድ ቶሎ ይሞላል፣ ኮምፒውተር ላይም አንድ በአንድ ካልተሠራ አይሆንም። ይህን ሥራ እንደ ፊልሙ ዘመን “ማጠብ” ይሉታል።

“ጄፔግ የሱቅ በርበሬ ነው፤ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ሮው ግን ዛላው ነው፤ ቅመሙን እኔ አውቃለሁ።”

“ጋሼ፣ ደንበኛው ወጡን ዛሬ ይፈልጋል፤ እርስዎ ገና በርበሬ ሊያሰጡ!”

አንዴ ሳያጥቡ የሰጡት ፍላሽ ስልክ ላይ አልከፈት ብሎ፣ የሙሽራዋ እናት “ባዶ ሸጡልኝ!” እያሉ ሰፈሩን አደባለቁት። ጋሽ ዳኜ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ እንጂ ከሮው አልተመለሱም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሪሐና ጋሽ ዳኜ በመጨረሻ ያነሱት፣ የደንበኛቸው የሚሳኤል ሠርግ ትዝ አላት። ያኔ እሳቸው ምሳ ሲበሉ በገዛ ካሜራቸው ቀጭ አድርጋቸው ነበር። ከኋላቸው መስኮት ስለነበረ ፊታቸው ከሰል መሰለ። ልትሰርዘው ስትል እጇን ያዟት።

“ተዪው። ሮው ነው፤ ሰውየው ውስጡ አለ።”

ፋይሉን ከፍታ ጥቁሩን ቀስ በቀስ አበራችው። መጀመሪያ ነጭ ጢማቸው ወጣ፤ ከዚያ የሚስቁ ዓይኖቻቸው፣ ቀጥሎም የሙሽራው እናት ባጎረሷቸው ያበጠ ጉንጫቸው። በጄፔግ ቢሆን ከዚያ ከሰል ሥር የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ለሶሬቲ ልካላት ደወለች። “ጉንጫቸውን ላሳንሰው?”

ከወዲያ የሶሬቲ እናት፣ የእትዬ ገዲሴ ድምፅ መጣ፤ በለቅሶ መሀል ሳቅ ብለው። “እንዳትነካው በያት! ዳኜ አፉ ባዶ ሆኖ የተገኘበት ሠርግ የለም።”

ለቀስተኛው እያነባ ድንኳኑ ይገባል፤ ፎቶውን ሲያይ ፈገግ ብሎ ይቀመጣል።

አሁን የሪሐና ካሜራም ሮው ላይ ነው። ጋሽ ዳኜ በመጨረሻ ካነሱት ሠርግ ግን ያጠበችው አርባ ፎቶ ብቻ ነው። አምስት መቶ ሰባው ገና ነው።