ገልብጬ ያነበብኩት ወረቀት

በሮቢት ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ያለ አስተማሪ ማንበብ የቻልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤታችን ቄሱ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ፊት ለፊታቸው እየተቀመጥኩ ፊደሉን ለቀምኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ያወቅሁት ተገልብጦ ነው፤ ቀጥ ብሎም ተገልብጦም አነባለሁ። ይህን የሚችል ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

በደርግ ጊዜ «ለወንበዴ ስንቅ አቀብለሃል» ተብዬ ቆቦ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ታሰርኩ። ቤቱ የነቀዘ ማሽላና ሽንት ይሸታል። ሁለት ሁለት እየሆንን በጠፍር እጅ ለእጅ ታስረናል። በሩ ላይ «እስረኛ ያስመለጠ በእስረኛው ቦታ ይቀጣል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

የእኔ ጥንድ የዋጃ ግመል ነጋዴ ነበር፤ የሚረሸንበትን ቀን ይጠብቃል። የሚጠብቀን አብዮት ጠባቂ የጎብዬ ሰው ነው፤ በገባሁ ዕለት ትከሻዬን በሰደፍ መትቶኛል። ሆኖም የዐስር ሶላት ሲደርስ ወንዝ ያወርደናል። ነጋዴው ውዱእ እንዲያደርግ ጠፍሩን እፈታለታለሁ፤ ሰግዶ ሲጨርስ መልሼ አስረዋለሁ። ጠባቂው ጥንቅሽ እየላጠ እየመጠጠ ጀርባውን ይሰጠናል። የሚሰግድ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ይል ነበር።

አንድ ቀን ጠፍሩን ስይዝ ነጋዴው ቀስ ብሎ፣

«ዛሬ ከፈታኸኝ አልመለስም። ከፈራህ ተወው፤ ወላሂ አልቀየምህም» አለኝ።

«እኔ ልፈራ?» አልኩና ፈታሁት።

ታጠበ። ሰገደ። የወንዙ ዳር ማሽላ ከሰው ቁመት ያልፍ ነበር፤ ገባበት። ጠባቂው ሲዞር የሚወዛወዘውን አገዳ ብቻ አየ። ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ከዚያ ጥንቅሹ አፉ ውስጥ እንዳለ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ገደላችሁኝ እኮ!» አለ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ አያውቀኝም። ጠባቂው ከንፈሩ አብጦ ጥግ ላይ ተጠፍሯል።

«ና አንተ፣ ጣትህን ቀለም ንከርና እዚህ ላይ አሳርፍ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ወረቀቱ ወደ እሱ ዞሮ ነበር። ከወዲህ ሆኜ አነበብኩት። ጠባቂው ሆን ብሎ በገዛ እጁ ሲፈታው አይቻለሁ ይላል።

«ጓድ፣ ብዕር ስጠኝ።»

«ለምንህ? ልታርስበት ነው?» እየሳቀ ሰጠኝ።

ከግርጌው «ጠፍሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጠባቂው አላየም» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን ከነአያቴ ፈረምኩበት።

ሳቁን አቆመ። «በሩ ላይ የተለጠፈውን ታውቃለህ?»

«ከተለጠፈ ቀን ጀምሮ።»

ለምን እንዳልረሸኑኝ የነገረኝ የለም። ብዕር የያዘችውን ቀኝ እጄን ግን በሰደፍ ቀጠቀጧት፤ ጣቶቿ ዛሬም አይታጠፉም። ነጋዴው የት እንደደረሰ የሰማ የለም።

የሠራሁትን ልቁጠር። አምስት ዓመት ታስሬ አንድ ሰው ሳልጠቁም ወጣሁ። በግራ እጄ መጻፍ ራሴን አስተማርኩ፤ ይህም በእሷ የተጻፈ ነው። ሰባት እስረኛ ፊደል አስቆጠርኩ። አንዱ ያ ጠባቂ ነው፤ በቸልተኝነት ሦስት ወር ተፈርዶበት፣ በነጋዴው ጠፍር ከእኔ ጋር ታስሮ ነበር።

አሁንም ማሽላ ሲደርስ ከጎብዬ ጥንቅሽ ተሸክሞ ይመጣል። «ነፍሴን ያተረፍካት አንተ ነህ፣ ጋሼ» እያለ ይልጥልኛል። ጥርስ የለኝም እለዋለሁ። ጥርሴ ሙሉ ነው። ነጋዴው እንደማይመለስ አስቀድሞ እንደነገረኝ አልነገርኩትም፤ ጠፍሩን ስፈታ እሱ ላይ ምን እንደሚመጣ እንዳላሰብኩም።

ዘንድሮ ሲመጣ ይህን ወረቀት እሰጠዋለሁ። ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።