እንድትቆይልኝ ልለምናት እንጦጦ የወጣሁ ዕለት

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛን ቶርኖ ቤት ስሠራ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍና ከሬዲዮ ራሴን አስተማርኩ። እኔ ባለሁበት የመሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብብ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሁሉ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው፤ ባለ ዲግሪዎቹ ሳይቀሩ። ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የልጅ ልጄ ሶስና ውጭ አገር ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ፣ አንድ ልጄ፣ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። አማርኛ አላስተማራትም። ለሥራ መጥታ መገናኛ አካባቢ ሆቴል አርፋ ነበር፤ ያን ዕለት ማታ በረራ አላት። ቤቴን ገና አላየችም። እኔ ግን ለአባቷ ብዬ ያቆየሁትን ክፍል አስጠርጌ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፌ ነበር። ጥቂት ቀን እንድትቆይልኝ የምለምንበትን አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ እንደ ዳዊት ደገምኩት። የጉዞው ዓላማ ይኸው ነበር።

ጠዋት፣ ሾላ

የታክሲው ረዳት "አባባ ይግቡ፣ አንድ ሰው ብቻ!" ብሎ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ አድርጎ አስቀመጠኝ። ሶስናን ከሆቴሏ ወስጄ ሾላ ገበያ ወረድን። የበርበሬው ብናኝ አስነጠሳት። እየሳቀች አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልያዝኩትም። መጽሐፌ "ኢዝ ኢት ኖት" ብሎ ቀጥ አድርጎ የሚጽፈውን እሷ "ኢዝንት" ብላ ትውጠዋለች። "ዶንት"፣ "ዲድንት"፤ የአሉታዋ ቃል ጥርሷ ላይ ትቀራለች።

በርበሬ ሻጯ ዝምታዬን አየች። "ምነው አባባ፣ እንግሊዝኛው አለቀ እንዴ?"

"አላለቀም። እሷ እየሮጠች ነው።"

"እርስዎም ሮጥ ይበሏ!"

ተሳሳቅን። ከጠራችው ዋጋ ሃያ ብር አስቀንሼ ሩብ ኪሎ ሚጥሚጣ ለሶስና ገዛሁላት።

ወደ ላይ

በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርገን፣ ታክሲ እየቀያየርን ወጣን። ባሕር ዛፉ ሲጀምር አየሩ ቀዘቀዘ። የጭራሮ ሸክም የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። "ኢዝንት ኢት ኮልድ?" አለችኝ። ሳትጨርስ ገባኝ! ጋቢዬን አውልቄ አለበስኳት። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አላመለጠኝም። አባቷ እዚህ አይመጣም ነበር ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ይመጣ እንደነበር በእንግሊዝኛ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ፤ እስክንደርስ አለቀቀችኝም።

ራጉኤል ደጅ

ለልጄ ጧፍ አበራሁ። ከዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ከተማው ከታች ተዘርግቷል። አረፍተ ነገሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደመችኝ።

"ዶንት ዩ ዋንት ሚ ቱ ስቴይ?" እንድቆይ አትፈልግም? ትኬቴን መለወጥ እችላለሁ አለችኝ።

ቃሉ አልጠፋኝም።

"ኖ፣ ኖ፣" አልኳት። ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ፣ ሥራሽ ይበልጣል አልኳት።

እንዲህ ነው ያደግነው። የቀረበልንን ነገር በመጀመሪያው አፍ አንቀበልም። "አይ፣ ይቅርብኝ" እንላለን፤ አቅራቢው "በሞቴ!" ይላል። ደግመን እምቢ እንላለን፤ "አፈር ስሆን!" ይላል። ያኔ እሺ እንላለን። እኔም በሞቴ እስክትለኝ ጠበቅኩ።

"ኦኬ" አለች። ፊቷን ወደ ከተማው አዞረች።

ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ግን እምቢ ያለ ሽማግሌ ሳይለመን እሺ ይላል? ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ስድስት ኪሎም ጠበቅኩ። ሆቴሏ በር ላይ ጋቢዬን አጥፋ ሰጠችኝ። "ባይ፣ አያቴ" አለች፤ ከአማርኛ የምታውቃት ቃል ያቺ ብቻ ነበረች።

ወደ ቤት

ወደ መሪ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ የመጽሐፌ አንድ መስመር ትዝ አለኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በአሉታ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ "አዎን" የሚለውን መልስ ተመኝቶ ነው ይላል። ከሥሩ በቀይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ።

ለሶስና መቀበያ ዶሮ ወጥ የሠራችልኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ደረጃው ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

"እንግዳዬስ?"

"ሥራ አለባት።"

"ውይ! አልለመኗትም እንዴ ጋሼ?"

"አልለመንኳትም።"

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ በሞቴ በማይባልበት ቋንቋ የመጀመሪያዋ ግብዣ የመጨረሻዋ ናት። ትምህርቱ ለሌላ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ለእኔ አልፏል። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለኝም።

ያም ሆኖ በዚያ ቀን የሠራሁትን ልቁጠር። ያለ ከዘራ ራጉኤል ደረስኩ። ሚጥሚጣውን አስቀነስኩ። ለልጄ ጧፍ አበራሁ። የልጅ ልጄን እንግሊዝኛ ከነጥድፊያው፣ ያለ አስተርጓሚ ሰማሁ፤ ከባለ ዲግሪዎቹ ይህን የሚችል ካለ ይምጣ። ከዶሮው ትንሽ ቀመስኩ። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ከአልጋው አንስቼ፣ አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።