ደፍ ላይ የቆሙት ተከራይ

ነገር ማጣራት እወዳለሁ። የተዘጋ በር ካየሁ እግሬ አላስቀምጥ ይለኛል። ደብረ ማርቆስ ባለው ግቢዬ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ያከራየኋቸው መሪጌታ በራቸውን ዘግተው ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲፍቁ ስሰማ ምን ያህል እንደተቸገርኩ እንግዲህ አስቡት።

ሲከራዩኝ "ሥራዬ ጽሕፈት ነው" ነበር ያሉኝ። እኔም እስክሪብቶና ወረቀት መስሎኝ "እሰይ፣ ጸጥተኛ ሰው አገኘሁ" ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ለካ ሥራው የሚጀምረው ከፍየሉ ነው! የፍየል ቆዳ ገዝተው ይመጣሉ፣ በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ቀናት ሲያልፉ አውጥተው በእንጨት ላይ ይወጥሩታል፣ ከዚያ ብራና እስኪሆን ይፍቁታል። በበጋ ይህን ሁሉ ደጅ ነበር የሚሠሩት። ክረምት ሲገባ ግን በርሜሉም ቆዳውም ክፍሏ ውስጥ ገባ። ሽታውማ፣ ኧረ ምኑን ልንገራችሁ! በመስኮቴ ይገባል፣ ወጤ ውስጥ ይገባል፣ ለቤተ ክርስቲያን ያጠብኩት ነጠላዬ ላይ ይቀመጣል።

ይህንንም እችለው ነበር። ግን በዚያው ክረምት ልጄ ከደጀን መጣች። ባሏ ሾፌር ነው፣ ቤት አይውልም፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእኛ ወግ እናት ቤት ነው የሚወለደው። የእኔ ቤት አንድ ሳሎንና አንዲት ጠባብ መኝታ ብቻ ነው። ለአራሷ የጓሮዋን ክፍል አሰብኩላት። ልጄም ያ ሽታ በመጣባት ቁጥር አፏን ይዛ ወደ ደጅ ትሮጣለች።

"መሪጌታ፣ ክፍሏን ለአራስ እፈልጋታለሁና ይልቀቁልኝ" አልኳቸው በሰላም።

"እሺ እትዬ። የት እንደምገባ ብቻ ይንገሩኝ።"

እውነታቸውን ነው፣ መግቢያ አልነበረም። ዋናው መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ዳር ዳር ያለው ቤት ፈርሶ ስንቱ ተከራይ ዕቃውን ታቅፎ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ቀበሌውም "እስከ መስቀል ድረስ ማንም አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣ" ብሎ ለጥፏል። እኔ እንደሆንኩ ወረቀት አያቆመኝም፤ ሄጄ አመለከትኩ።

"ኪራይ አጓደሉብዎ?" አለኝ ሊቀ መንበሩ።

"አላጓደሉም።"

"ጠጥተው ይረብሻሉ?"

"ኧረ ጠላም አይቀምሱ።"

"እንግዲያውስ እስከ መስቀል አፍንጫዎን ይያዙ!" ብሎ ሳቀብኝ።

በንዴት ተመልሼ የመሪጌታን በር ገፋሁት። አልዋሽም፣ ማየትም ፈልጌ ነበር። ቆዳው ተወጥሮ ከመስኮቷ ፊት ቆሟል፤ ብርሃን ያሳልፋል። እሳቸው አጎንብሰው በጣታቸው ይዳስሱታል።

"ይኸውልዎ፣ እዚህ ጋ ፍየሏን እሾህ ወግቷት ነበር" አሉኝ አንዲት ቀዳዳ እያሳዩኝ። "ስጽፍ ይቺን ዘልዬ አልፋለሁ።"

"ለምን አይጠግኗትም?"

"ትንሽ ስለሆነች። ትልቅ ብትሆን እሰፋት ነበር።"

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ቀለሙ ከምን ይሠራል፣ የወንድና የሴት ፍየል ቆዳ ይለያል ወይ፣ ብቻ ያልጠየቅሁት የለም። ልጄ "እማዬ፣ ልታስወጫቸው አልነበር የሄድሽው?" ብላ አሾፈችብኝ።

ከሳምንት በኋላ ግን ጉድ ፈላ። ልጄ ከስንት ልመና በኋላ እህል አፏ ላይ አድርጋለች። መሪጌታ ምድጃቸው ጠፍቶባቸው እሳት ሊጭሩ መጡ፤ እጃቸው ገና ከበርሜሉ መውጣቱ ነው። ሳሎኑ መሃል ሲደርሱ ልጄ የበላችውን ሁሉ አወጣችው። እኔም እሳት ሆንኩ።

"አንተ ሰውዬ! ሁለተኛ የዚህን ቤት ደፍ ብትረግጥ በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቼሃለሁ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ፍሙን ሳይጭሩ ወጡ። በእኛ ዘንድ ግዝት ቀልድ አይደለም። ግዝት ያፈረሰ ሰው ካህን እስኪፈታው ድረስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ አይቆርብም። መገዘት የካህን ሥልጣን ነበር፤ እኛ ግን ለዶሮ ፀብም እንገዝታለን። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪጌታ ጉዳይ ሲኖራቸው ደፉ ጋ ቆመው ይጣሩ ጀመር። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ወጥቶ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ ልጄን ያለ ቀኗ ምጥ ያዛት። ደሙን ሳየው የቤት ወሊድ እንዳልሆነ ገባኝ። ሐኪም ቤት መድረስ አለባት፤ ለመቆም ግን አልቻለችም። "ኡኡ! የሰው ያለህ!" አልኩ። መሪጌታ በጭቃው እየሮጡ መጡ። መጡና ደፉ ላይ ቀጥ አሉ።

"ይግቡ እንጂ! ያንሱልኝ!"

"እትዬ፣ ግዝቱ..."

"ፈትቼዋለሁ! ፈታሁት አልኩዎ!"

"እርስዎ አይፈቱትም፣ የካህን ነው" አሉ። ያለቅሱ ነበር።

አፌ ያመጣልኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩባቸው። ከዚያ ልጄን ከነተኛችበት ጀንዲ፣ ከነበሬ ቆዳው፣ መጎተት ጀመርኩ። ከመኝታ ቤቱ አወጣኋት። ሳሎኑ መሃል ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ሁለታችንም ደፉ ጋ ነን፤ ልጄ ራሷን አታውቅም፤ እጄ ጀንዲውን እንደጨበጠ ነው። "የእናት ጉልበት እንዲህ ነው ለካ!" ብዬ በራሴ ተገረምኩ። መሪጌታ ልጄን ከደፉ ላይ አንሥተው አዘሏት፣ እስከ መንገድ በዝናቡ ሮጡ፣ ጋሪ አስቆሙ። ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዩ ሁለቱንም አታገኟቸውም ነበር" አለኝ። ወንድ ልጅ ተገላገለች።

መስቀል አለፈ። የቀበሌው ማስታወቂያ ተነሣ። ልቀቁ አላልኳቸውም፤ እሳቸውም በርሜሉን አጥሩ ጥግ ወስደውታል። ልጄ እዚያው ጠባቧ መኝታ ውስጥ ታረሰች፤ ጠበበኝም አላለች።

የልጁ ክርስትና በአርባ ቀኑ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መሪጌታ ከቅጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ቆመዋል። ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ሰው! ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ከነሐሴ ወዲህ ቅጥሩን አልፈው ሲገቡ አይቻቸው አላውቅም። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

"ለምን አይገቡም?"

"እዚህም ይሰማል።"

ነገር ሲሸሹኝ ይብስብኛል። በልቤ ይዤው የከረምኩትን አወጣሁት።

"መሪጌታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን መጎተቱ ቢያቅተኝ ኖሮ ልጄን ቆመው ያይዋት ነበር?"



"እትዬ፣ አቅቶዎት ነበር እኮ" አሉኝ።

"ምኑ ነው ያቃተኝ?"

"ወድቀው ነበር። እጅዎ ጀንዲውን አልለቅ ስላለኝ ሁለታችሁንም እስከ ደፉ ሳብኳችሁ።"

ያ ሁሉ ስድቤ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

"ታዲያ እስካሁን ለምን አልተፈቱም? የእኔ ግዝት ምን ግዝት ነው? እኔ ካህን ነኝ?"

"የጠሩት ስም ግን የእርስዎ አልነበረም" አሉ። "ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። 'የገዘተህን ሰው ይዘህ ና' አሉኝ። አራስ ቤት ይዘው እንዴት ይምጡ ልበልዎ? አርባው ቀን ሲያልቅ እነግርዎታለሁ ብዬ ነው።"

የፍየሏን ቆዳ ቀዳዳ እንኳ የጠየቅሁ ሴትዮ ይህን አልጠየቅኋቸውም። እጃቸውን ይዤ ወደ ቅጥሩ ጎተትኳቸው፤ እጃቸው ያንኑ የቆዳ ሽታ ይሸታል። የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እኔንም እሳቸውንም ተራ በተራ አዩን።

"የገዘተው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ መሪጌታ እንዳይቀድሙኝ ፈጥኜ።

መሪጌታን ሲፈቷቸው እኔ ደጅ ቀረሁ። ቅጥሩን አልፈው ሲገቡ ከኋላቸው አየኋቸው፤ መጀመሪያ ቀኝ እግራቸውን ነው ያስገቡት።