ጢማሙ ተማሪና የመምህር ሰይድ ፈተና

ወላሂ ብዬ ብምልላችሁም አታምኑኝም። የመካነ ሰላሙ ጎረቤቴ መምህር ሰይድ የትምህርት ቤት አማካሪ ነው። በየጊዜው ሥልጠና ካልወሰደና ገምጋሚ ፊት አንድ ተማሪ መክሮ ካላሳየ የሙያ ፈቃዱ አይታደስለትም። ዘንድሮ ግን የሚመከር ጠፋ፤ ጎረምሶቹ ሁሉ በደላላ ወደ ሳውዲ ነጉደዋል። ቢጨንቀው ፊደል ያልቆጠርኩትን፣ ጢሜ ለቆቅ ጎጆ የሚበቃውን እኔን ወንበር ላይ ጎለተኝ።

"ሳውዲ ካልሄድኩ የሚል ተማሪ ሁንልኝ" አለኝ። ይህማ ምን ያቅታል!

ገምጋሚው ከደሴ መጥቶ ጥግ ተቀመጠ። ጢሜን አይቶ እንዳላየ ሆነ። መምህር ሰይድ ላቡን እየጠረገ ጀመረ፤ "ልጄ፣ በረሃው ይበላሃል። ይልቅ ተማር። የተማረ ወድቆ አይወድቅም።"

የእኔ አፍ መቼ ያርፋል! "እርስዎስ ተምረው የለም እንዴ? ታዲያ ጫማዎን ምነው በሽቦ አሰሩት?" አልኩት።

መምህር ሰይድ እግሩን ወንበሩ ስር ደበቀ። ፈቃዱን በምላሴ እንደቀበርኩበት ሲገባኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለታችንም ፈርተን ወደ ገምጋሚው ዞርን።

ገምጋሚው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና፣ "ስማ፣ ያ ደላላህ ለእኔና ለመምህርህ ቦታ ይኖረው ይሆን?" አለኝ።