ሥጋ የማይበሉት ሥጋ ሻጭ

ጋሼ ሀይደር መቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ሥጋ ሲሸጡ አንድም ቀን አልቀመሱም፤ ምሳቸው ሁልጊዜ ሽሮ ነው። ዘንድሮ ግን ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሐኪሟ ደማቸውን አስመርምራ፣ «ጋሼ፣ ደምዎ ብረት አንሶታል። ቀይ ሥጋና ጉበት ይብሉ። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ንግድ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ደንበኛ እንዳያያቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ጎረቤት ከተማ ሁሩሙ ወረዱና አንድ ምግብ ቤት ጥግ ይዘው ጉበት ጥብስ አዘዙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጎርሱ ደንበኛቸው ሱፊያን ድንገት ገባ።

«እንዴ ጋሼ! የራስዎን ሥጋ አያምኑትም?»

ወሬው ቀድሟቸው መቱ ገባ። ጋሼ ሀይደር ጨነቃቸውና በማግስቱ ሥጋ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እያየ ጥብሳቸውን በሉ። በየቀኑ እንዲሁ ሲበሉ በሁለት ወሩ ማዞሩ ለቀቃቸው። ደንበኞቹ ግን፣ «ጋሼ ቀድመው ካልጎረሱ አንገዛም» እያሉ አስቸገሯቸው።