በቆላ ድባ ያላስረዳሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይችን እዘልላታለሁ። እኔ መምህር ነኝ፤ ነገርን ከሥሩ ጀምሮ በተራ ማስረዳት እወዳለሁ። እናንተም በተራ ስሙኝ።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ቴሌቪዥን ገና ብርቅ ሳለ፣ ለክረምት የመምህራን ትምህርት ከጎንደር አዲስ አበባ ሄድሁ። በየሐሙሱ ከጥንት ዝነኛ መጻሕፍት የተወሰደ ድራማ ይታይ ነበር፤ በየሳምንቱ ታሪኩ ሌላ ነው። ቀድሞ የተቀረጸ አልነበረም፤ ተዋንያኑ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሠሩት በዚያችው ቅጽበት ለሕዝቡ ይታያል። ከተዋንያኑ አንዷ ጥሩወርቅ ነበረች፤ የቆላ ድባው ገበሬ የአያ ፈንታ ልጅ። ጎንደር አንድ ክፍል ተምረናል። አባቷ «አዝማሪ ልትሆን ነው» ብለው ከተቀየሟት ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

አንድ ሐሙስ ስቱዲዮ ጋበዘችኝ። የዕለቱ ታሪክ ክርስትና ከመምጣቱ በፊት ስለነበረች የሩቅ አገር ንግሥት ነው፤ ንግሥቲቱ እሷ ናት። አዘጋጁ አንገቷን አየና «ማተብሽን አውልቂ» አላት። እምቢ አለች። ለመኗት። በመጨረሻ ጥቁሩን ክር ፈትታ በእጄ አኖረችው።

«መሬት እንዳታስነካው፤ አደራ።»

ድራማው እስኪያልቅ ይዤው ቆሜ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን አየኋት። ሲያልቅ የንግሥት ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ አሰረችው። አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

ያን ዕለት እንድታገባኝ ጠየቅኋት፤ ምክንያቴን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልሁ። ሳቀች።

«አንተ እኮ ሰርግህም ላይ ጠመኔ ይዘህ ትነሣለህ!»

ካሜራ የሚገፉት ሰዎች ጭምር ሳቁብኝ። ክፉ አልነበረችም፤ ወዲያው ክንዴን ይዛ «አትቀየመኝ» አለችኝ። ለአባቷም መልእክት ላከችብኝ፤ ይቅር ይበሉኝና ለፋሲካ ልምጣ የሚል።

መስከረም ላይ ቆላ ድባ ሄድሁ። አያ ፈንታ ልባቸው ለስልሶ ነበር፤ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ከሳች?»

«ደኅና ናት፣ አያ።»

«በዚያ በሳጥኑ አየሃት? ሸጋ ናት?»

«ሸጋ ናት።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማተቧስ? አንገቷ ላይ አለ?»

«በሳጥኑ ሳያት አንገቷ ላይ አላየሁም» አልሁ።

በሳጥኑ ውስጥ አንገቷ ባዶ ነበርና ቃሌ ሐሰት አይባልም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ለተማሪዎቼ ሦስት ጊዜ የማስረዳ ሰው፣ ለአንድ አባት አንዲት ነገር ማስረዳት አቃተኝ? አላቃተኝም። ተውሁት። ሳቋ ጆሮዬ ውስጥ ነበርና ተውሁት።

አያ ፈንታ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ምነው መምህር፣ ይህንስ ባልነገርኸኝ። ሥራ ነው ብየ ልቀበላት ነበር። ማተቧን ከበጠሰች ግን ልጅ የለኝም።»

ያኔም ጊዜ ነበረኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ስለ መንገዱ ጭቃ አወራሁ።

ለፋሲካ መጣች፤ በሩ አልተከፈተላትም። ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌዎቹ «ማተቧ አንገቷ ላይ ነው፤ በዓይናችን አየን» ቢሏቸው፣ አያ ፈንታ «እኔን ለመሸንገል ያሰረችው ነው» አሉ። ማን እንደነገራቸው አልተናገሩም፤ ስሜን ጠበቁልኝ። ጥሩወርቅ የአባቷን ልብ ያራራ እንደሆነ ብላ ቴሌቪዥኑን ተወችው። አላራራም። ባለፈው ጥር አያ ፈንታ ሞቱ።

ከቀብር ስንመለስ ወደ እኔ መጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ።

«ከሁሉ ቀድመህ አባቴን የለመንህልኝ አንተ ነህ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምንም አይደል» አልኋት።

የፊተኛውን በቂም አደረግሁት እንበል። ይህንንስ? ማን ስቆብኝ ነበር? ምስጋናዋን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄጄ ራቴን በላሁ። ወጣት ነበርሁ አልልም፤ አሁንም ወጣት ነኝ።

ለነፍስ አባቴ እነግራለሁ፤ ቀኖናዬንም እፈጽማለሁ። የበደልሁት ግን እሳቸውን አይደለም። ጥሩወርቅ፣ ይህ ወረቀት አስቀድሞ የሚደርሰው ለአንቺ ነው። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ እውነቱን ግን ያዥው። አባትሽ በሩን የዘጉት እኔ በቃሌ በሠራሁላቸው፣ ማተቧን በበጠሰች በሌላ ሴት ላይ ነው። አንቺንማ እየጠበቁሽ ነበር።